በመንገድ ዳር የቆመ ድንጋይ ምን ያስተምረናል?

(ስለ ላሊበላው የዮርዳኖስ መስቀልና ስለ እኛ መንገድ የቀረበ ጥናት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዐቢይ ጾም ጉባኤያችን ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ አከራክሮን ነበር። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፤ «ወደ ደብራችን በሚያወጣው መንገድ ዳር የጌታችንን ሕማማት የሚያሳዩ ምስሎች በሲሚንቶ አሠርተን ብናቆምስ? በውጭ አገር ያሉ ክርስቲያኖች እንዲህ ያደርጉ የለምን?» ከመካከላችን ግማሹ ሐሳቡን ደገፈ፤ ግማሹ ደግሞ «ይህ የእኛ ሥርዓት አይደለም» ሲል ተቃወመ። ሁለቱም ወገን ግን ምክንያቱን አጥርቶ ለማስረዳት ተቸገረ። ስለዚህ ነገሩን ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ከታሪክና ከአገራችን ትውፊት አንጻር ተመልክተን ያገኘነውን በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ ወደናል።

፩. በመጽሐፍ ቅዱስ በመንገድ ዳር የቆሙ ድንጋዮች

በመንገድ ላይ ድንጋይ አቁሞ እግዚአብሔርን ማሰብ የጥንት አባቶች ልማድ ነው። ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ሸሽቶ ሲሄድ ሌሊቱን ሜዳ ላይ አደረ፤ ጠዋትም የተንተራሰውን ድንጋይ ሐውልት አድርጎ አቆመው፤ ዘይትም አፈሰሰበት (ዘፍ. 28)። ልብ እንበል፤ ያዕቆብ በዚያን ጊዜ ቤት የለውም፤ ያለው መንገድ ብቻ ነው። ድንጋዩም የመንገደኛ ድንጋይ ነበረ።

ሁለተኛው ምሳሌ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 ይገኛል። ሕዝበ እስራኤል ዮርዳኖስን በደረቅ ሲሻገሩ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ተወስደው በጌልገላ ቆሙ። እንዲሁም ካህናቱ ታቦቱን ተሸክመው በቆሙበት ስፍራ፣ በዮርዳኖስ መካከል፣ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ተተከሉ። የድንጋዮቹ ዓላማ በዚያው ምዕራፍ ተገልጿል። ልጆች ወደፊት አይተው እንዲጠይቁና አባቶች እንዲመልሱላቸው ነው። እንግዲህ በመንገድ ዳር የቆመ ድንጋይ ሥራው ጥያቄ ማስነሣት ነው። የሚጠይቅ ልጅና የሚመልስ አባት ከሌለ ግን ድንጋዩ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ምሳሌ ሙሴ በበረሃ መንገድ በእንጨት ላይ የሰቀለው የናስ እባብ ነው (ዘኍ. 21)። ይህም በእግዚአብሔር ትእዛዝ የተሠራ፣ በሜዳ ላይ የቆመ ቅርጽ ነው። በእባብ የተነደፉት ወደ እርሱ እየተመለከቱ ይድኑ ነበር፤ ጌታችንም የራሱ ስቅለት ምሳሌ አድርጎ ለኒቆዲሞስ አስተምሮበታል (ዮሐ. 3)። ይሁን እንጂ ከብዙ ዘመን በኋላ ሕዝቡ ለዚያው ናስ ዕጣን ማጠን ስለ ጀመረ ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባብሮታል (2ኛ ነገ. 18)። ጌልገላም ብትሆን ኋላ የነቢያት ተግሣጽ ደርሶባታል፤ ነቢዩ አሞጽ ሕዝቡ ወደዚያ እንዳይሄዱ እስከ መከልከል ደርሷል (አሞ. 5)።

ከእነዚህ ምሳሌዎች ሁለት ነገር እንማራለን። በመንገድ ዳር የሚቆም ምልክት የተቀደሰ ጥቅም አለው። ይኸው ምልክት ግን ትርጕሙ ከተረሳና በራሱ የሚመለክ ከሆነ እንቅፋት ይሆናል። «ምልክት ማቆም በጭራሽ አይገባም» የሚለውም፣ «ምልክት ካቆምን ይበቃናል» የሚለውም ትክክለኛውን ፍርድ አላገኘም።

፪. የኢየሩሳሌም መንገድና የምዕራባውያን ምስሎች

ጌታችን መስቀሉን ተሸክሞ የሄደበት ነው ተብሎ የሚታመነው መንገድ በኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ ውስጥ ይገኛል። መንገዱ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ነው። በምዕራባውያን ሥርዓት በዚሁ መንገድ ላይ ዐሥራ አራት የጸሎት ማቆሚያዎች አሉ፤ የመጨረሻዎቹ አምስቱ በቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ናቸው። ዘጠነኛው ማቆሚያ ያለው ከዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ከሚገኘው ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ገዳም ከዴር ሡልጣን አጠገብ ነው። ከዓለም ዳርቻ የሚመጣው ተሳላሚ በዚያ ቆሞ ሲጸልይ፣ የእኛ አባቶች ከጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ በጭቃ ጎጆአቸው ውስጥ ይጸልያሉ።

ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ ግን ለሁሉ የሚቻል አልነበረም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ጦርነትም ይበዛበታል። ስለዚህ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ማኅበር መነኮሳት መንገዱን ወደየአገራቸው ለማምጣት አሰቡ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1491 በርናርዲኖ ካይሚ የተባለ መነኩሴ በሰሜን ኢጣልያ፣ በቫራሎ ከተማ በላይ ባለው ተራራ ላይ፣ የኢየሩሳሌምን ቅዱሳት መካናት የሚመስሉ ትናንሽ ቤተ ጸሎቶችን ማሠራት ጀመረ። በውስጣቸውም ከእንጨትና ከሸክላ የተሠሩ፣ በሰው ቁመት ልክ የሆኑ፣ ቀለም የተቀቡ በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎች ቆሙ። ተሳላሚው ተራራውን እየወጣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ ይጸልያል። በ1731 ደግሞ የሮማው ፓፓ ክሌመንጦስ 12ኛ የማቆሚያዎቹን ቍጥር ዐሥራ አራት አድርገው ወሰኑ። በብዙ አገር በየኮረብታው የምናየው የሕማማት መንገድ እንዲህ የተስፋፋ ነው።

እንግዲህ ጥያቄውን ያነሡት ወንድሞቻችን «በውጭ አገር ይደረጋል» ያሉት እውነት ነው። ነገር ግን ከቫራሎ ከብዙ ዘመን በፊት በገዛ አገራችን የኢየሩሳሌምን ስም የተሸከመ የድንጋይ መንገድ ተፈልፍሎ ነበር።

፫. የላሊበላ መንገድ

ጥንት ሮሐ ትባል የነበረችው ቅድስት ከተማ በላስታ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ንጉሥ ቅዱስ ላሊበላ የነገሠው በዐሥራ ሁለተኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በዐሥራ ሦስተኛው መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1187 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰላሕ አድዲን ኢየሩሳሌምን ያዘ። በትውፊት እንደሚነገረው ቅዱሱ ንጉሥ የኢትዮጵያ ምእመናን በረሃ ለበረሃ ሲንከራተቱ እንዳያልቁ፣ በአገራቸው ኢየሩሳሌምን እንዲያገኙ አሰበ። ገድሉም መላእክት በሥራው እንደረዱት ይናገራል። የታሪክ አጥኚዎች በበኩላቸው ፍልፍሎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ የተሠሩ ሳይሆኑ በተለያየ ዘመን እየተጨመሩ የመጡ ናቸው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናትና በመካከላቸው ያለው መንገድ ዮርዳኖስ፣ ጎልጎታ፣ ቤተ ልሔም፣ ደብረ ሲና፣ መቃብረ አዳም የሚባሉ ስሞችን ይዘው እስከ ዛሬ አሉ። በ1978 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ መካከልም ናቸው።

አሁን በሐሳባችን ከተሳላሚው ጋር እንሂድ።

ሁለቱን የአብያተ ክርስቲያናት ክፍሎች የሚለየው ከአለት የተቈረጠው ዮርዳኖስ የተባለው የውኃ መውረጃ ነው። በዚያ መውረጃ ውስጥ ከአለት የተፈለፈለ አንድ ትልቅ መስቀል ቆሟል። ጣሪያ የለውም፤ ቅጥር የለውም፤ በር የለውም። ፀሐይና ዝናም ይፈራረቁበታል። ተሳላሚው ሲያልፍ ያየዋል፤ ያማትባል፤ ጌታችን በዮርዳኖስ መጠመቁንም ያስባል። በኢያሱ ዘመን በዮርዳኖስ መካከል ስለቆሙት ድንጋዮች ያነበበ ሰው ይህን መስቀል ሲያይ ልቡ ወዴት እንደሚሄድ ግልጥ ነው።

ወደ መጀመሪያው ክፍል በምዕራብ በኩል የሚገባ ሰው መቃብረ አዳምን ያገኛል። ይህም በጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ የቆመ፣ ውስጡ የተፈለፈለ አንድ ትልቅ አለት ነው። መተላለፊያው በእርሱ ሥር ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ቤተ ጎልጎታ አለ። የጌታችን መስቀል በአዳም መቃብር ላይ ተተከለ የሚለውን የአባቶች ትምህርት ሁላችን ሰምተናል። በላሊበላ ግን ትምህርቱ በእግር ይሄዱበታል፤ በአዳም መቃብር ሥር ሳያልፉ በዚያ በር ወደ ጎልጎታ መድረስ የለም።

በቤተ ጎልጎታ ውስጥ በሰው ቁመት ልክ የሆኑ የቅዱሳን ቅርጾች በግድግዳው ላይ ተቀርጸዋል። በአገራችን እንዲህ ያለ ትልቅ ቅርጽ ከስንት አንድ የሚገኝ ነው። ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች አይገቡም። የዮርዳኖሱ መስቀል ግን ከደጅ በሜዳ ስለቆመ እናቶችም እኅቶችም፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ ንስሐ የገባውም ገና ያልገባውም እኩል ያዩታል። በመንገድ ዳር የሚቆም ምልክት ትልቁ ጸጋ ይህ ነው፤ ሰውን በር ላይ አያቆምም።

በቤተ ማርያም በምዕራቡ ደጀ ሰላም በላይ በፈረስ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ተቀርጸዋል። ልደትን ለማክበር ታኅሣሥ 29 ቀን ምእመናን ከየአገሩ የሚሰበሰቡት በዚሁ ቅጥር ነው። ካህናቱ ከፊሉ ከላይ በአለቱ ጠርዝ፣ ከፊሉ ከታች በአደባባዩ ቆመው በቤዛ ኩሉ ሥርዓት ሰማያውያንና ምድራውያን አብረው ያመሰገኑበትን ሌሊት ያሳያሉ። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ የሲኦል ምሳሌ የሚሉት ጨለማ ዋሻ አለ። ሰው በዚያ ሲያልፍ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ፣ የፊተኛውን ሰው ድምፅ እየተከተለ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ብርሃን ያገኛል። ለብቻው የቆመው ቤተ ጊዮርጊስም ራሱ የመስቀል ቅርጽ ሆኖ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው። ጣሪያው ከመሬቱ ጋር ትክክል ስለሆነ፣ ከላይ የቆመ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹትን መስቀሎች ነው። ወደ በሩ ለመድረስ መውረድ አለበት። ትሕትናን በቃል ከመስማት በእግር መውረድ ይበልጣል!

፬. የአባቶቻችን አቀራረጽ

ከቫራሎና ከላሊበላ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? በቫራሎ ምስሎቹ ሁሉን ያሳያሉ፤ ደሙን፣ እንባውን፣ የገራፊዎቹን ፊት። ተመልካቹ አይቶ እንዲያለቅስ ነው። ይህን ልንንቅ አይገባንም፤ ብዙ ነፍሳትን ለንስሐ አነሣሥቷል። የላሊበላ መንገድ ግን የሚያሳየው ጥቂት ነው። የዮርዳኖሱ መስቀል የተሰቀለው ሥጋ የለበትም፤ ባዶ መስቀል ነው። መቃብረ አዳምም አዳምን አያሳይም። የቀረውን የሚሞላው የተሳላሚው ጸሎት፣ የካህኑ ትምህርትና የእግር ድካም ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን በአብዛኛው የምትጠቀመው ሥዕልን እንጂ ዙሪያውን የተቀረጸ ሐውልትን አይደለም። የቤተ ጎልጎታ ቅርጾች እንኳ ከአለቱ አልተለዩም፤ ከግድግዳው ጎላ ብለው ወጥተዋል እንጂ ለብቻቸው አልቆሙም። ይህ ሥርዓት ከናስ እባቡ ታሪክ የተማረ ጥንቃቄ ይመስለናል።

፭. በእኛ በጎጃም

«ታዲያ ይህ ሁሉ በላስታ ነው፤ እኛ ምን አለን?» የሚል ይኖራል። በአገራችን በጎጃም በእነብሴ ሳር ምድር የምትገኘውን መርጡለ ማርያምን እናስብ። በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን በዚያ ነበረ። በግራኝ ጦርነት ጠፋ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በኢየሱሳውያን እጅ እንደገና ተሠራ፤ እርሱም ፈረሰ። ዛሬ በቅጥሩ ውስጥ ባለው ፍርስራሽ አበባና ሐረግ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ሜዳ ላይ ይታያሉ። እነዚህም ያስተምራሉ፤ ሕንጻ ይፈርሳል፤ የእመቤታችን ስም ግን በዚያ ስፍራ ሳይቋረጥ ይጠራል።

ከተቀረጸ ድንጋይ ሌላም የራሳችን መንገድ አለን። ወላጆቻችን ሲጓዙ ቤተ ክርስቲያኑ ገና ከሩቅ ብቅ የሚልበትን ቦታ «መሳለሚያ» ይሉታል። ባለ በቅሎው ይወርዳል፤ እግረኛው ጫማውን ያወልቃል፤ አማትቦ ይሳለማል። በዚያ ምንም ሐውልት የለም፤ ሆኖም ቦታው ምልክት ነው። በስቅለት ዕለትም ከጠዋት እስከ ማታ እየሰገድን ዐሥራ ሦስቱን ሕማማተ መስቀል እናስባለን፤ በመጨረሻም በወይራ ቅጠል ተጠብጥበን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። በክብረ በዓል ታቦቱን አጅበን ሦስት ጊዜ እንዞራለን። ይህ ሁሉ በእግርና በጉልበት የሚጸለይ ጸሎት ነው። የምዕራባውያኑ መንገድ ዐሥራ አራት ማቆሚያ አለው፤ የእኛ ግን በአንድ ቅጥር ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

፮. መንገዱ ሲዘጋ

ይህን ጥናት እንድናደርግ ያነሣሣን አንድ ከባድ ነገር አለ። ጎጃምን ዓባይ ከብቧታልና ከእኛ አገር ወደ ላስታ የሚሄድ ሁሉ ዓባይን መሻገር አለበት። ቢሆንም አባቶቻችንና እናቶቻችን በሶ ሰንቀው፣ በትር ይዘው፣ በእግራቸው ለልደት ይወርዱ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ደረሰ፤ ከተማይቱም ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልላችን ግጭት ተነሣ፤ ደብረ ማርቆስም ላሊበላም የተኩስ ድምፅ ሰሙ። ከዚያ ወዲህ ስእለት ያለባቸው ብዙ እናቶች መሄድ ሳይችሉ ቀርተዋል። «ሳልሳለም ልሞት ነው» እያሉ የሚያዝኑ በየሰፈራችን አሉ።

እንግዲህ የላሊበላን መንገድ ትርጕም የምናስተውለው አሁን ነው። ያ መንገድ የተፈለፈለው መንገድ ለተዘጋባቸው ሰዎች ነውና። ወደ ኢየሩሳሌም ያልቻለ በላሊበላ እንዲሳለም ከሆነ፣ ወደ ላሊበላ ያልቻለ በደብሩ እንዲሳለም ማን ይከለክለዋል? ቅዱሱ ንጉሥ ያወረሰን ከአለቱ ይልቅ ይህን ሐሳብ ነው።

ስለዚህ ለተነሣው ጥያቄ የእኛ መልስ እንዲህ ነው። የሲሚንቶ ምስል ለማቆም አንቸኩል። አንደኛ፣ በቅጥሩና በመንገዱ ላይ ምን መቆም እንደሚገባ የሚወስኑት አባቶች ካህናትና ሰበካ ጉባኤው ናቸው። ሁለተኛ፣ ምስሉ ከመቆሙ በፊት ትርጕሙን የሚመልስ ሰው መኖር አለበት፤ ድንጋይ ማቆም የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ የሚጠይቅ ልጅ ማሳደግ ግን የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ የላሊበላ ለስላሳ አለት እንኳ በዝናምና በፀሐይ እየተሸረሸረ ስለተቸገረ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የብረት መጠለያ ተሠርቷል፤ መጠለያውም በበኩሉ ሌላ ሥጋት አምጥቷል። ያቆምነውን መጠበቅ ካቆምንበት ቀን ይልቅ እንደሚከብድ ከዚህ እንማር።

በዚህ ፈንታ የሚከተለውን እናድርግ፦

ሀ) አባቶችን አስፈቅደን በመሳለሚያው ላይ አንድ ተራ የእንጨት መስቀል ይቁም፤ ጌጥ አያሻውም።

ለ) በየወሩ አንድ እሑድ መሄድ ያልቻሉትን አረጋውያን ደግፈን፣ ከመሳለሚያው እስከ ደጀ ሰላሙ አብረን እንሂድ። ዐይናቸው የደከመውን እጅ ይዘን እንምራ።

ሐ) በመንገድ ላይ ታናናሾቻችን እንዲጠይቁ እናድርግ፤ አረጋውያኑ ላሊበላን ያዩበትን ዘመን ይንገሯቸው። የሚነግሩን ሳያልፉ እንስማቸው።

መ) መንገዱ እንዲከፈትና ወንድም ከወንድሙ እንዲታረቅ በየማቆሚያው እንጸልይ።

ወንድሞችና እኅቶች! የዮርዳኖሱ መስቀል ስምንት መቶ ዓመት ያህል በዝናም ውስጥ ቆሞ ሲጠብቅ ኖሯል። እኛም በየደብራችን ደጅ አንድን እናት ደግፎ ሃያ እርምጃ መሄድ አያቅተንም።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 ድንጋዮቹ ለምን ቆሙ? ዛሬ ልጆች የሚጠይቁን ምን ዐይተው ነው?
2. ሕዝቅያስ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የተሠራውን የናስ እባብ ለምን ሰበረው?
3. ተሳላሚ በመቃብረ አዳም ሥር አልፎ ወደ ጎልጎታ መግባቱ ምን ትምህርት ይሰጣል?
4. በየሰፈራችሁ ስእለት ኖሮባቸው መሄድ ያልቻሉ አረጋውያን እነማን ናቸው? በዚህ ወር ማንን ትደግፋላችሁ?

የተዘጋውን መንገድ የሚከፍት፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ አምላካችን አገራችንን በሰላም ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።